ባለማሳው

ለመላው የዚህ ቻናል ቤተሰብ!

ሰማያዊዋ ነጠላ ጫማዬ፣ የግራዋ፣ ለሁለት ዓመት ከአምስት ወር በቅንነት ካገለገለች በኋላ ባለፈው ሐምሌ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፏን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። የቀኟ በሕይወት አለች። ብቻዋን ግን ለምንም አትሆንም።

ሳቃችሁን ጨረሳችሁ?

እንግዲህ የቀለጠችበትን ቀን ልነግራችሁ ነው... አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ወላሂ! ሚካኤልን! በየትኛው እንደምታምኑኝ እናንተ ምረጡ።

መካነ ሰላም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራው ቀን። ጠራራ ግን አልነበረም። ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ ውጦታል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ የጋራዡ ግቢ ጭቃና ውሃ ብቻ ሆኗል።

እኔ በአቀስታ መስመር የሚሠራ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ የዛገ ወለሉን እበይዳለሁ። ብቻዬን። አለቃዬ አያ ጀብሪል ለዙህር ሶላት መስጊድ ሄደዋል። ሲወጡ እንደ ሁልጊዜው ጮኸውብኝ ነበር።

"አምላኩ! ማሳውን ሳታይ እንዳትጀምር!"

"አይቻለሁ፣ አያ!"

አላየሁም።

ማሳ ስል የገብሱ እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋራዥ ማሳ የምንለው ከመኪናው አካል ተነስቶ፣ መሬት ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው። ያመለጠ መብራት ሰውን ትቶ በእሱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ጉዳይ ሥልጠና ወስጃለሁ። የምስክር ወረቀቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሥራ ጫማውና ጓንቱም አጠገቡ ተሰቅለዋል... እንዳይቆሽሹ።

ወለሉን አጋምሼ ሳለ ውጭ ያለው የብየዳ ማሽን ድምፅ ተለወጠ።

ማጉረምረም ጀመረ...

ምን ሆኖ ነው ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። የበሩን ብረት ይዤ ግራ እግሬን ጭቃው ላይ አሳረፍኩ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው።

በጀርባዬ ወለሉ ላይ ተዘርሬያለሁ። ክንዴ የእኔ አይመስልም። ነጠላ ጫማዬ ውጭ ጭቃው ላይ ቀርታ ትጨሳለች።

ያኔ ገባኝ። የማሽኑ ገመድ የሆነ ቦታ ተልጦ አውቶቡሱን ነክቷል። አውቶቡሱ በሙሉ መብራት ይዟል። ማሳው ደግሞ የለም።

ውስጥ እስካለሁ ምንም አልሆንም፤ ሽቦ ላይ እንደተቀመጠች ወፍ ነኝ። ብረቱንና መሬቱን አንድ ላይ የነካሁ ቀን ግን አበቃ።

የሾፌሩ በር ከግድግዳ ተጠግቷል። መስኮቶቹ ፍርግርግ ብረት አላቸው። ማጥፊያው ውጭ። ስልኬም ውጭ፣ በተሰቀለው ኮቴ ኪስ ውስጥ።

አያ ጀብሪል እስኪመለሱ ልጠብቅ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሸተተኝ...

ከኋላ፣ የብየዳው ፍንጣሪ የገባበት የወንበር ስፖንጅ ቀስ እያለ ይጨሳል።

"ሰው የለም?" ብዬ ጮህኩ። "ኧረ የሰው ያለህ! ማሳው ተነቅሏል!"



ከዚያ ከአውቶቡሱ ሥር... የደረቀ የሽማግሌ ድምፅ።

"እኔ ነኝ የነቀልኩት።"

"ማን... ማን ልበል?"

"ባለማሳው።"

እፎይ አልኩ። ከደጎሎ ለገበያ የመጡ ገበሬ ይሆናሉ፤ ቃሉ ተምታቶባቸው ነው። ዋናው ነገር ሰው ናቸው!

"አባቴ፣ ይሄ የእርሻ ማሳ አይደለም፣ የመብራት ነው! ግድግዳው ላይ ቀይ እጀታ አለ፣ በእንጨት ወደ ታች ይምቱልኝ! ልሞት ነው!"

"ምን ዘራችሁበት?"

"እ?"

"ማሳዬ ላይ። ምን ዘራችሁበት?"

"ኧረ ምንም! ብረት ነው የተከልነው!"

"ብረት አይበቅልም" አለ ድምፁ። ከልቡ ያዘነ ይመስላል።

ጭሱ ወፈረ። እያሳለኝ መስኮቱን በእጅጌዬ ጠረግሁት። ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው አውቶቡሱን ይዞራል። በዝግታ... ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጁን ወደ ታች ተጭኖ። በሬ አላየሁም። የቀንበር ሲጢጥታ ግን እሰማለሁ።

በግድግዳውና በአውቶቡሱ መካከል ያለው ክፍተት እጅ እንኳ አያስገባም።

እሱ በዚያ በኩል አለፈ።

ሲጢጥታው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ...

እጅ ገባ።

ጭቃ የለበሰ እጅ። የበሩን ብረት፣ እኔን የወረወረኝን ብረት፣ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ዝቅ ብዬ አየሁ። ባዶ እግሩን ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

መብራቱ ምንም አላደረገውም።

"ና" አለኝ በሹክሹክታ። ሌላኛውን እጁን ዘረጋልኝ። "እጅህን ስጠኝ፣ ላውርድህ።"

"እዚሁ ይሻለኛል።"

"ትቃጠላለህ።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያ ና። ማሳዬ ላይ ሰው ጎድሎኛል።"

ከኋላዬ ስፖንጁ ቦግ አለ።

ሥልጠናው ላይ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ነገር ግን በእንቅልፌ ገብቶኛል፦ መኪናውን ሳትነካ፣ ሁለት እግርህን ገጥመህ፣ ዝለል።

እንደ ተገነዘ ሬሳ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ። በተዘረጋው ክንድ ላይ ዘለልኩ። ሳልፍ ጣቶቹ ሱሪዬን ዳሰሱኝ... እንደ ማለዳ አፈር ቀዝቃዛ።

በሁለት እግሬ አረፍኩ። ሳላለያያቸው እየነጠርኩ ራቅሁ። ዞሬ አላየሁም።

"ያ ረቢ!"

አያ ጀብሪል ናቸው። በእንጨት ማጥፊያውን መቱት። ማሽኑ ፀጥ አለ። አሸዋ በባልዲ እያመላለስን እሳቱን አዳፈንነው።

"አብሽር፣ አብሽር" አሉኝ ጀርባዬን እየመቱ። "ማሳውን ማን ነቀለው?"

"ባለማሳው ነኝ ያለ ሽማግሌ።"

እጃቸው ጀርባዬ ላይ ቆመ።

ጉሙ ገለጥ አለ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም። የአውቶቡሱ ዙሪያ ግን ታርሷል። ትኩስ ትልም፣ አንዱ ካንዱ ጎን... በጎማዎቹ ሥር ሳይቋረጥ ያልፋል። የበሬ ኮቴ የለበትም። የሰው ዱካም የለበትም፤ አሁን የተመላለስነው የእኛ እንኳ።

በሩ ፊት ለፊት፣ እጁን በዘረጋልኝ ቦታ፣ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል መሬት ሳይታረስ ቀርቷል።

አያ ጀብሪል መስጊድ በር ላይ እንደደረሱ ሁሉ ጫማቸውን አወለቁ።

"በዚያ በኩል ዙር። ትልሙን እንዳትረግጥ።"

"ሰውየውን ያውቁታል፣ አያ?"

"ዙር አልኩህ።"

"ያውቁታል ወይ?"

"አልነግርህም።"