ያልተቆረሰው ኬክ

ፀጋ የሞተችው ዘና ለማለት ሄዳ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከባሏ ከአሌክስና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከቦሌ ተነሥታ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ወዳለች ትንሽ ተራራማ ከተማ ወጣች። ምሳ በልታ ጋደም አለች። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አስከሬኗ ተገኘ። የክፍሉ መስኮት ዝግ ነበር፤ አልጋው አጠገብ የከሰል ማንደጃ ነበር።

የከተማዋ ፖሊስ ነገሩን ሳይመሽ ጨረሰው። ሦስቱ እንግዶች፣ የማረፊያ ቤቱ ምግብ አብሳይ ዕፀገነት ለሟች ከሰል አቀጣጥላ ስታስገባ አይተናል ብለው አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ዕፀገነት አላስገባሁም አለች። የእሷ ቃል በእግሩ የመጣ ነበር፤ የእነሱ በመኪና። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተጠርጥራ ታሰረች፤ ጡት የሚጠባ ልጇም አብሯት ገባ።

በአሥረኛው ቀን የሟች እናት ወይዘሮ ውባንቺ አዲስ አበባ የኢንስፔክተር ለተብርሃን ቢሮ ገቡ። የአስከሬን ምርመራው እዚሁ ስለተደረገ መዝገቡ እሷ ጋ ነበር።

«ልጄ ከሰል ትፈራ ነበር» አሉ። «ልጅ ሳለች ጎረቤታችን በከሰል ጭስ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ከሰል ያለበት ቤት በር ሳትከፍት አትቀመጥም። ለምና አስገቡልኝ አትልም።»

«ተኝታ ከነበረስ?»

«ተኝታ ከነበረ የገባው ሳታውቅ ነዋ።»

ለተብርሃን አምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ውሸታም የምትሰማው የታክሲ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ነው፤ ተራው እንደሚደርስ ታውቃለች። በማግስቱ ተራራው ላይ ወጣች። መጀመሪያ እስር ቤት ገብታ ዕፀገነትን አነጋገረች፤ ከዚያ የማረፊያ ቤቱ ባለቤት አቶ አያሌው ወጥ ቤቱን አሳዩዋት። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል፤ ጥግ ላይ ኩበት ተከምሯል።

«ከሰሉ የት ነው?»

«የምን ከሰል? እዚህ ደጋ ላይ የምናነደው ኩበትና ባሕር ዛፍ ነው። ከሰል የሚሆነው ግራር ቆላ ነው ያለው።»

«ማንደጃውስ?»

«እንግዳ ፎቶ ይነሣበታል ብዬ በረንዳ ላይ ለጌጥ ያስቀመጥኩት ነው። ለፖሊሶቹ ተናግሬ ነበር። ለእንግዳ ክብር ገዝታችሁ ይሆናል አሉኝ።»

መደርደሪያው ላይ እንቁላል የተደረደረበት ክዳን የሌለው ካርቶን ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ የኬክ ቤት ስም ተጽፎበታል።

«ይሄስ?»

«ዕፀገነት ነች ያን ዕለት ከቆሻሻ ያነሣችው። እዚህ ካርቶን አይጣልም።»

ለተብርሃን እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሰሐን አዛወረች። ጣቷን በካርቶኑ ማዕዘን አሳለፈች፤ በመሐረብ ጠረገች፤ ካርቶኑን ይዛ ወጣች።

አዲስ አበባ ስትመለስ መጀመሪያ ያገኘችው ናዲያን ነው። ናዲያ ቦሌ የውበት ሳሎን አላት፤ የተጓዙትም በእሷ መኪና ነበር።

«ወጥ ቤቱ ገብተሽ ነበር?»

«አንዴ፣ ስልክ ቻርጅ ላደርግ። ሲሪየስሊ፣ መብራት እንኳ የለውም። ጭሱ ሜካፔን አበላሸው።»

«የምን ጭስ?»

«የከብት ነገር ነው የሚያነዱት። ጃኬቴ እስካሁን ይሸታል።»

«ምግቡስ?»

«ደህና ነው። ኬክ አለ ተብለን ነበር፣ እሱን ሳንቀምስ ቀረን። ቢሩክ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር፣ ሕፃን የታቀፈ ነው የሚመስለው። ኋላ እናድርገው ስለው እምቢ አለኝ።»

«ዕፀገነት ከሰል ስታስገባ አይቻለሁ ብለሽ ፈርመሻል።»

ናዲያ ጥፍሮቿን አየች። «ቢሩክ ጻፈው፣ እኛ ፈረምን። ዝናብ እየመጣ ነበር፣ ቶሎ መውጣት ነበረብን።»

አሌክስ ቤቱ ሳሎን ውስጥ ጥቁር ለብሶ የሚስቱን የሙት ዓመት ፎቶ ከአሁኑ ይመርጣል።

«ከምሳ በኋላ የት ነበራችሁ?»

«ገደሉ ጋ፣ ቪው ልናይ። ፀጋ ጉንፋን ይዟት ክኒን ውጣ ተኛች።»

«ሁላችሁም ገደሉ ጋ ነበራችሁ?»

«ቢሩክ ኔትወርክ ፍለጋ ተመለሰ። እኔና ናዲያ ፎቶ ስንነሣ ነበር።»

«እስኪ ስልክህን።»

ስድሳ አንድ ፎቶ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሰዓት ያህል ሄዷል። ሚስቱ የሞተችው በዚያ መሀል ነው፤ በአንዱም ፎቶ ላይ ቢሩክ የለም።

ቢሩክ ፀጋ በሰው ኃይል ክፍል ትሠራበት በነበረው ድርጅት የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነው። የአሌክስ የልጅነት ጓደኛም ነው። ኢንስፔክተሯን በትሕትና ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ከሰሉን የት ነው ያየኸው?»

«ወጥ ቤት። ከጆንያ እየዛቀች ማንደጃው ላይ ስታደርግ። ምስኪን ናት፣ አልፈርድባትም። የገጠር ሰው አደጋውን የት ያውቃል።»

ለተብርሃን ቃሉን እንዳለ ጻፈችው፤ አስነበበችው፤ አስፈረመችው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም በሟች ቤት ሳሎን ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ውባንቺ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

«ያቺ ከተማ ደጋ ናት» ብላ ጀመረች ለተብርሃን። «የሚነደው ኩበት ነው። ገጠር ሁሉ ከሰል አለ ብሎ የሚያስብ፣ ገጠርን በመኪና መስኮት ያየ ሰው ነው። ናዲያ ኩበቱ ሸቷታል። አሌክስ እንደ ልማዱ ምንም አላየም። ከጆንያ ከሰል ሲዛቅ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ፣ ቢሩክ። ጆንያው ግን የለም።»

ቢሩክ ፈገግ አለ። «ተሳስቼ ይሆናላ፣ ኢንስፔክተር።»

«ይሁን። ማንደጃው ውስጥ ግን የተረፈው የግራር ከሰል ነው። እዚያ ከሌለ ከዚህ ሄዷል። በምን ሄደ?» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ናዲያ፣ ታውቂዋለሽ?»

«የኬኩ ነው። ኬኩን ማን በላው ታዲያ?»

«ኬክ አልነበረም። ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ትቢያ አስመርምረናል፤ ከሰል ነው። አብሳይዋ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ቢሩክ ክዳኑን ቀዶ ማቀጣጠያና ማራገቢያ አደረገው። ፍሙን በክኒን የተኛች ሴት አልጋ አጠገብ አስቀምጦ፣ መስኮቱን ዘግቶ ወጣ። የቀረውን ካርቶን ጣለ። እናንተ የጣላችሁት ነገር የጠፋ ይመስላችኋል። ዕፀገነት አንሥታ እንቁላል አስቀመጠችበት።»

«የኬክ ካርቶን ማንም ይይዛል።»

«የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከብሎክህ ሥር ከሰል የምትሸጠው ዘርትሁን ግን ታውቅሃለች። ዓርብ ከሰዓት፣ ጭስ የሌለውን ምረጪልኝ ብለሃታል። ሁልጊዜ በፌስታል ትወስድ የነበርከው ሰውዬ በኬክ ካርቶን ስታስደረድር ስቃብሃለች።»

«አንተ የካ አባዶ ነው የምትኖረው?» አለች ናዲያ። ከሰማችው ሁሉ ያስገረማት ይሄ ነበር።

«ለምን?» አለ አሌክስ። «ፀጋ ምን አደረገችህ?»

ለተብርሃን አንድ ደብዳቤ ዘረጋች። «የቢሩክ ዲግሪ ሲጣራ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ ተመራቂ የለኝም ብሎ መልሷል። ፀጋ ሰኞ ለአለቆቿ ልታቀርበው ነበር። ዓርብ ጠዋት ጠርታ ነገረችው፤ ሳትዋረድ ራስህ ልቀቅ ብላ። ስሙን ሳትጠራ ለእናቷ በስልክ አጫውታቸዋለች።»

«አሳዘነኝ አለችኝ» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ።

ቢሩክ ክራቫቱን አላላ። «አሥር ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ሥራህ ጎደለ ብሎኝ አያውቅም። በአንድ ወረቀት ምክንያት ወደየት ልመለስ?»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አሌክስን ዞር ብሎ አየው፤ አሌክስ ምንጣፉን ያይ ነበር።

«እንግዲህ ሴትየዋ ትፈታለች» አለ አሌክስ በመጨረሻ።

«እናንተ ቃላችሁን ስትለውጡ። እዚያው ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ።»

«በቴሌግራም ብንልከውስ?»

«ደግሞ ያ መንገድ» አለች ናዲያ።

«ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት መኪና ይመጣላችኋል» አለች ለተብርሃን።

ወይዘሮ ውባንቺ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ለእኔም ቦታ ያዢልኝ።»

«እርስዎ አይድከሙ እናቴ፤ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልግም።»

«ክኒኗን የምትውጥበት ውኃ የሰጠቻት ዕፀገነት ናት ብለሽኛል። ልጄን በመጨረሻ ያነጋገረቻት እሷ ናት፤ ምን እንደተባባሉ እጠይቃታለሁ።» ወደ በሩ ሄዱና ቆሙ። «ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው? ልብስ ልያዝለት፤ አገሩ ብርድ ነው አሉ።»