ቋጠሮው በላይ በኩል ነው

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ ሰሚራ የጅን ወሬ ሲወራ ከሚሸማቀቁት ሳይሆን ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ በራችን ላይ ቆመው ወንዝ ዳር አየሁ የሚሉትን ሲያወሩ «ስንት ሰዓት ላይ? ምን ለብሶ ነበር?» እያልኩ በጥያቄ አስጨንቃቸዋለሁ፣ አሁንም ቢሆን አላምንም፣ የምጽፍላችሁን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ማመንና መስማት ደግሞ ለየቅል ናቸው፣ ካልመሰላችሁ አንብባችሁ ስትጨርሱ ተከራከሩኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ከፊት ሱቅ ከኋላ መኖሪያ የሆነች፣ የጭቃ ግድግዳ ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ያላት ቤት አለችን። የሠሯት አምና ያረፉት አያቴ ናቸው፣ እሳቸውም ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ከአንበሳሜ መጥተው ቤቷን ሲሠሩ ለኮርኒስ የሚሆን ጣውላ ስላልነበራቸው አቡጀዲ ገዝተው፣ አንዱን ከአንዱ በእጃቸው ሰፍተው፣ ወጥረው በምስማር መትተው በኖራ ቀቡት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ግራኝ ነበሩና ስፌታቸው ሁሉ ወደ በሩ ያጋድላል፣ ትንሽ ሆኜ ሱቁ ውስጥ መደብ ላይ ተንጋልዬ ያንን ስፌት ስቆጥር ነው ቁጥር የለመድኩት።

ከኮርኒሱ በላይ የሌሊት ወፎች ይኖሩ ነበር። አያቴ «ተዋቸው፣ እነሱም ተከራይ ናቸው» እያሉ ምንም አይሏቸውም፣ አባቴ ግን እንደሳቸው አይደለም፣ ዘንድሮ ደግሞ ለነሐሴው የደብረ ታቦር በዓል የሰንበት ተማሪዎቹን ነጭ የመዝሙር ልብስ እንዲሰፋ ታዞ ነበር (እስላም የመዝሙር ልብስ ይሰፋል ወይ ብላችሁ ከገረማችሁ እኛ አገር ረግጣችሁ አታውቁም ማለት ነው)፣ አንድ ጠዋት ታዲያ ተሰፍቶ ያለቀው ልብስ ትከሻ ላይ ጥቁር ኩስ ጠብ ብሎ ተገኘ።

«በቃ!» አለ አባቴ፣ «ዓርብ በርበሬ አጥንባቸዋለሁ።»

«ደግ አደረግህ!» አሉ እትዬ ዘውዴ ከበሩ፣ «የሌሊት ወፍ እኮ ፊት ላይ ከተለጠፈች ከበሮ ካልተመታ አትለቅም።»

«እትዬ፣ ስንት ሰው ፊት ላይ ተለጥፋ አይተዋል?»

«አፍሽን! የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።»

እኔ ግን ወደ አባቴ ዞርኩ፣ «አባ፣ ብታጥናቸው እዚያው ሞተው እዚያው ይሸታሉ፣ ያኔ ልብሱ ሬሳ ሬሳ መሽተት ይጀምራል። እስከ ዓርብ ስጠኝ፣ አንዲትም ሳትሞት አስወጣቸዋለሁ።»

«አንቺ? በምን?»

«በአጎበር።»

አባቴ በከንፈሩ ይዞት የነበረውን መርፌ አውጥቶ ሳቀ፣ መርፌ አፉ ውስጥ እያለ ስለማይስቅ አንድ ነገር ከልቡ ሲያስቀው በዚያ ነው የሚታወቀው። እኔም በእልህ ማልኩለት፣ «ወላሂ አንዲት አትሞትም!»

ዘዴውን የነገረን የባዮሎጂ መምህራችን ነው፣ ትምህርት ሳይዘጋ በፊት፣ የሌሊት ወፎች ፀሐይ ስትጠልቅ በአንድ ወይ በሁለት ቀዳዳ ነው የሚወጡት፣ ሌላውን ስንጥቅ ሁሉ ደፍናችሁ በመውጫቸው ላይ መረብ ታንጠለጥላላችሁ፣ ከላይና ከጎን ተመትቶ ከታች የተለቀቀ፣ የሚወጣው በመረቡ ሥር ተንሸራትቶ ይበርራል፣ ሲመለስ ግን ወደ ቀዳዳው በቀጥታ ስለሚመጣ መረቡን ያገኘዋል እንጂ በሥሩ መግባት አይመጣለትም። ለመውጣት የሚከፈት፣ ለመግባት የማይከፈት በር! ይኼን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ ምን ልበላችሁ፣ ደብተሬ ላይ መረቡን ስሥል ክፍለ ጊዜው አለቀ።

እናቴ ገሳይ ያለች አራስ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር «ከመሰላል ውረጂ» የሚለኝ አልነበረም፣ ሰኞ ማታ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ፣ የመግሪብ አዛን ሊል ሲል ግድግዳውና ቆርቆሮው ከሚገናኙበት፣ ከመስኮቱ በላይ ካለችው ጥግ፣ እንደ ተበተነ ጥላሸት ፍስስስ ብለው ወጡ። ማክሰኞ ሌላውን ስንጥቅ ሁሉ ከሱቁ በለቀምኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቅሁት፣ በጥጓ ላይ ያረጀ አጎበር መታሁ፣ ማታ እያንዳንዷ ከአጎበሩ ሥር እየተንከባለለች ስትበርር አጨበጨብኩ፣ እትዬ ዘውዴ ሳይቀሩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው መጥተው አዩ። ረቡዕ ጥቂት ወጡ፣ ሐሙስ አንድም አልወጣም፣ እኔም አጎበሩን አንስቼ ጥጓን ደፈንኳትና እንደ ጀግና ተኛሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከኮርኒሱ በላይ ጭጭጭ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

የመምህሩ ንግግር ሁለተኛ ግማሽ ነበረው ለካ። «በክረምት መግቢያ ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸው መብረር ሳይችሉ እንዳትዘጉ» ብሎ ነበር፣ እኔ ያን ጊዜ መረብ እሥላለሁ። ዘግይታ የተወለደች አንዲት ልጅ ቀርታለች ማለት ነው፣ ወዲያው ወጥቼ ጥጓን ከፈትኩ፣ ሊመሽ ሲል አንዲት የሌሊት ወፍ መጣች፣ እናትየው ናት፣ ትገባለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እሷ ግን ቀዳዳው አፍ ድረስ ትደርስና እንደ ተባረረች ትመለሳለች፣ ትመጣለች ትመለሳለች፣ ቀዳዳውን የዘጋው ነገር የለም፣ እኔው ራሴ ነኝ የከፈትኩት፣ እመኑኝ፣ እጄን ከትቼ ሁሉ አይቻለሁ።

አባቴ ለመግሪብ ሶላት ሊወጣ ዉዱእ አድርጎ እጅጌውን እየመለሰ ወደ ላይ አዳመጠ። «ዓርብ ብዬሻለሁ፣ ሰሚ። ስመለስ ድምጿን ከሰማሁ አጥናለሁ፣ በረሃብ ስትንፈራገጥ ከምታድር ቶሎ ትገላገል።»

«አልሞተችም እኮ!»

«አልሞተችምና ነው» አለኝና ሄደ።

መሐላዬ ነበረ፣ ግን መሐላውን ተዉት፣ የዘጋሁባት እኔ ነኝ። ልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ፣ ድምፁ ከበላዬ ሲሆን የአያቴን ስፌት በምላጭ አንድ ስንዝር ያህል ተረተርኩ፣ ክሩን አበላሽቼ መጣል አሳዝኖኝ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት፣ በእጄ የብርድ ልብስ ቁራጭ ይዤ (የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አይነካም፣ ይኼንንስ ሰምቼው ነበር) በስልኬ መብራት ወደ ውስጥ አየሁ። አግዳሚ እንጨት፣ አቧራ፣ ኩስ። ልጅቷ የለችም። ድምጿ ግን አለ፣ ከወዲያኛው ጥግ፣ ከዚያ ከመሀል፣ መብረር የማትችለው ልጅ ከቦታ ቦታ የሆነ ነገር የሚያመላልሳት ይመስል።

ከዚያ ኮርኒሱ ረገበ።

ይኼን በደንብ ላስረዳችሁ፣ የሌሊት ወፍ አቡጀዲ ላይ ስትሄድ ከታች የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጉብታ ናት የምትታየው፣ ስንት ዓመት አይቻታለሁ፣ ይኼኛው የሰው ጉልበት ያህል ነበር፣ አንዱ ረገብ ይላል፣ ይነሳል፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላው ረገብ ይላል፣ ኖራው እየተፈረፈረ ከወዲያኛው ግድግዳ ወደ እኔ መጣ። ያ ስስ ጨርቅ እንኳን ሰው ድመትም አይችልም።

ከጠረጴዛው ዘልዬ በሩ ላይ ደረስኩ። እዚያ ግን እልህ ያዘኝ፣ ቤቱ የማን ሆነና ነው እኔ የምወጣው? «ቢስሚላህ!» ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ፣ «ማንም ሁን ማን፣ ይቺ የአያቴ ቤት ናት! ልጅቷን ስጠኝ!»

«ሰሚራ!» አሉ እትዬ ዘውዴ ከደጅ፣ «ከማን ጋር ነው የምትጣይው?»

«ከማንም ጋር!» ለማለት ፊቴን ወደ ደጅ መለስኩ፣ ያኔ ከኋላዬ ተሰማ።

ጥቅ። ስልልል።

ያን ድምፅ ከመወለዴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ መርፌ የተወጠረ አቡጀዲ ሲበሳ ጥቅ ይላል፣ ክሩ ሲሳብ ስልልል ይላል፣ አባቴ ነው እንዳልል አባቴ መስጊድ ነው። ጥቅ፣ ስልልል። መዞር አልቻልኩም፣ የምናዘዘው ይቺን ብቻ ነው፣ ደፋሯ ልጅ በሩን ጨብጣ አንገቷ አልታዘዝ አላት፣ ግን ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ በመጨረሻ ክር በጥርስ ሲቆረጥ የሚለው ቅጭ አለና ጸጥ አለ።

ስዞር የተረተርኩት ስንዝር ተሰፍቷል። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀመጥኩት ክር የለም። ክሩ በነበረበት ቦታ፣ ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ላይ፣ የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታህል የሌሊት ወፍ ልጅ ተቀምጣ ጭጭጭ ትላለች።

ስለ ሌላው ማሰብ አልፈለግኩም፣ በጨርቁ ይዣት ወጣሁ፣ መሰላሉን ወጥቼ ከጥጓ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ አስጠጋኋት፣ በጥፍሯ ጭቃውን ጨበጠች፣ ወርጄ ራቅ አልኩ። እናትየው መጣች፣ አንዴ ዞረች፣ ሁለተኛ ስትመጣ ልጅቷ ሆዷ ላይ ተለጠፈችና ሁለቱም ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄዱ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ «ልጇን አቅፋ?»

«ከበሮም አልተመታ፣ እትዬ።»

«ሂጂ ወዲያ!» አሉኝ፣ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ ይካዱ እንጂ አይቻቸዋለሁ።

አባቴ ሲመለስ የበርበሬውን ጎድጓዳ ሳህን እንደያዘ ቆሞ አዳመጠ። «ዝም አለች?»

«ወጣች።»

«በየት አባቷ?»

አሳየሁት፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ስፌቱን በጣቱ ዳበሰ። «ሰፍተሽው ነው የምታወሪልኝ?»

«እኔ ከታች ቆሜ ብሰፋው ቋጠሮው የት ይሆን ነበር?»

የልብስ ሰፊ ልጅ ሁሉ ይኼን ያውቃል፣ ቋጠሮ በሚሰፋው ሰው በኩል ነው የሚቀረው። አባቴ ከዚህም ከዚያም ጫፍ ፈለገ፣ አጣ፣ ጨርቁን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ። «በላይ በኩል ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«አያቴ ናቸው!» አልኩት፣ ወላሂ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት፣ እሳቸው ከሆኑማ ምን ያስፈራል?

አባቴ አንዱን ጣቱን አሮጌው ስፌት ላይ፣ ሌላውን አዲሱ ላይ አደረገ። «እዪ፣ ሰሚ። የአባቴ ወደ በሩ ያጋድላል። ይኼኛው ወደ መስኮቱ ነው። ይኼ የቀኝ እጅ ሥራ ነው። አባቴ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«መቀሱን አቀብይኝ።»

መቀሱን አንስቼ ከኋላዬ ደበቅሁት። «አልሰጥህም። ልጅቷን ሰጥቶኛል፣ እኛ በምላጭና በበርበሬ ስንመጣበት እሱ ሕይወቷን ነው የሰጠኝ፣ አትቀደውም!» አባቴ ከጠረጴዛው ወረደ፣ እቆጣለሁ ብሎ ያልተቆጣበት ቀን ያ ነው። በርበሬው አልታጠነም፣ በሳምንቱ ሽሮ ወጥ ውስጥ ገባ፣ የመዝሙሩ ልብስም ያለ አንዲት ነጥብ ለበዓሉ ደረሰ።

አሁን ሁሉም ነገር ልክ ነው፣ ኩስ የለም፣ ጠረን የለም፣ አንዲትም አልሞተችም፣ ያልኩትን አድርጌያለሁ። አንድ ነገር ብቻ እዚያው መደብ ላይ ተንጋልዬ ሳስበው አይለቀኝም፣ በላይ በኩል ሆኖ የሰፋ፣ ሰፍቶ ሲጨርስ በላይ በኩል ነው የሚቀረው።

አባቴ ጥጓን ድፈኛት ይለኛል፣ እትዬ ዘውዴ ጠበል አስረጩ ይላሉ፣ እናቴ ከገሳይ ከመጣች ጀምሮ ወደ ኋላ ቤት ነይና ከእኔ ጋር ተኚ ትለኛለች። ሁሉንም እምቢ አልኩ። አንዴ ሳላጣራ ዘግቻለሁ፣ ሁለተኛ አልዘጋም፣ አጎበሬን መልሼ ጥጓ ላይ መትቼዋለሁ፣ ከላይና ከጎን የተመታ ከታች የተለቀቀ፣ መውጣት የፈለገ ይውጣ። በየማታው አዛን ሊል ሲል ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ገብቼ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ፣ ይኼንንም እዚሁ ነው የጻፍኩት፣ አንዳንዴ ደብተሬ ላይ ትንሽ ኖራ ይፈረፈራል፣ እፍ ብዬ እቀጥላለሁ።

እስካሁን የወጣ የለም። እኔም አልወጣም።