ጥላው ሲሳሳ

ወይንሸት ሥራ የምትጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ አስራ የምስል ቅንብሩን ትከፍታለች፤ የጠርዞቹን ጥራት (ሻርፕነሱን) ዝቅ፣ የቀለሙን ድምቀት ለዘብ፣ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት (ኮንትራስቱን) ቀነስ ታደርጋለች። ጥላ አንዴ ድፍን ጥቁር ሆኖ ከተቀረፀ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ከውስጡ ምንም እንደማይወጣ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግና ተዝካር ስትቀርፅ በኖረችባቸው ዘጠኝ ዓመታት ተምራለች።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ከዚራ ሰፈር ካሉት አሮጌ ቤቶች ወደ አንዱ ገባች። ወይዘሮ አስካለ ለባለቤታቸው ለአቶ ገብረየስ ሙት ዓመት፣ ለዘመድ የሚታይ ፊልም ላይ ስለ ሟቹ ሊናገሩ ፈልገዋል። ሙቀቱን ለመከላከል መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው፣ በእንጨቱ መዝጊያ ሽንቁር ሾልኮ የሚገባው ብርሃን የአሮጊቷን ፊት ብቻ እየነካ ከኋላቸው ያለውን ጥግ ለጨለማ ትቶታል። ዝናብ ከጠፋ ወራት ቢቆጠሩም ቤቱ የረጠበ አፈር ይሸታል። ለድምፁ ብላ ቬንትሌተሩን ስታጠፋው ክፍሉ ጭር አለ።

ስክሪኑ ላይ የወይዘሮ አስካለ የሐዘን ልብስ ከጥጉ ጨለማ ጋር ተዋህዶ፣ ፊታቸው ብቻውን የተንጠለጠለ መሰለ። ኮንትራስቱን አንድ እርከን ቀነሰች። ትከሻቸው ብቅ አለ። ደግማ ስትቀንስ የወንበሩ መደገፊያ ተለየ፤ ከመደገፊያው በላይ ደግሞ ሌላ ትከሻ።

ቀና ብላ በዓይኗ አየች። ጥጉ ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ከኋላዎ የተሰቀለ ልብስ አለ እንዴ?»

«የለም ልጄ። የሱን ልብስ በሙሉ ለነዳያን ሰጥቻለሁ።»

ሄዳ ግድግዳውን ዳሰሰችው፤ በዚያ ሙቀት እንደ እንስራ ሆድ ይቀዘቅዛል። ተመልሳ ሌንሱን ጠረገች። ትከሻው ከቦታው አልተነቃነቀም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ የአሮጊቷ አጭር፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ተሰማት። የራሷን ትንፋሽ ዋጥ አድርጋ አዳመጠች። ከአሮጊቷ ትንፋሽ ሥር ሌላ፣ ረጅምና ያልቸኮለ ትንፋሽ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አየሽው እንዴ?»

ወይንሸት ዓይኗን ከስክሪኑ አንስታ እንደገና ወደ ባዶው ጥግ አየች።

«አትፍሪ፣ ገብሬ ነው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ልጆቼ ጃጀች ይሉኛል። እስቲ ትንሽ ግለጪውና ልየው፤ ፊቱ ናፍቆኛል።»

ዕቃዋን ሰብስባ መውጣት ፈልጋ ነበር፤ የአሮጊቷን ደስታ መስበር ግን አልቻለችም። ኮንትራስቱን እስከ መጨረሻው እርከን አወረደችው። ጥቁሩ ሁሉ ወደ አመድ ተለወጠ፤ ከአመዱም ውስጥ መጀመሪያ ግንባር፣ ቀጥሎ ወደ አሮጊቷ ጆሮ የተጠጋ አፍ፣ በመጨረሻም ሌንሱን ትክ ብለው የሚያዩ ሁለት ዓይኖች ወጡ።

ወይዘሮ አስካለ በደስታ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ካሜራው መጡ። ስክሪኑ ላይ ባዶው ወንበር ቀረ፤ ከወንበሩ ኋላ ያለው ግን እንደቆመ ነው። መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ፈገግታቸው ቀስ በቀስ ከፊታቸው ወረደ፤ የወይንሸትንም ክንድ ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ፣» አሉ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣ «ይሄ እኮ ገብሬ አይደለም፤ ታዲያ ዓመት ሙሉ የማንን እጅ ይዤ ነው ስተኛ የኖርኩት?»