ርቀቱን ቀንስ

እኔ አልደብቃችሁም፣ ስናደድ ክፉ ነኝ! አዲሱ የመሬት ቀያሽ ግን ይህን አያውቅም። ዕድሜውን በመስክ ሥራ አሳልፎ ገና ወደ ካርታ ክፍላችን መምጣቱ ነው። በር ላይ ቆሞ ፈገግ ሲል ልቤ ድንግጥ አለ።

እንዳለማምደው ታዘዝኩ። ሕንጻዎቹ ቆመው የሚታዩበትን የስሪዲ ካርታ ከፈትን። ኮምፒውተሩ የሩቁንም የቅርቡንም ካልሳልኩ ብሎ ይንቀረፈፋል።

«ጥላውን አጥፋው።»

አጠፋው።

«ጥራቱንም ዝቅ አድርገው።»

ዝቅ አደረገው። ወይ ፍንክች! የሩቅ ሰፈሮችን መሳሉን እንዲተው የእይታውን ርቀት ማሳጠር ነበረብን። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣

«በል ርቀቱን ቀንስ» አልኩት።

ከዚያ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ትከሻው ትከሻዬን ነካው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ርቀቱን... ቀንስ አልሽኝ እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የማኅደር ሠራተኛዋ እትዬማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ በሐፍረት ጮህኩበት።

«የካርታውን ነው እንጂ! ደግሞ ማን ቅረበኝ አለህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ዳር ሄዶ ተቀመጠ። የባሰው ግን ሌላ ነው።

«እርስዎ፣ ይህን ፋይል ያዩልኛል?» ይለኛል።

እርስዎ! በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው! እልህ ይዞኝ እኔም «አየዋለሁ፣ ጌታዬ» አልኩት። እንዲህ ተከባብረን ልንሞት ሆነ።

አንድ ጠዋት ኃላፊያችን፣ «ቀያሹ ወደ መስክ ልመለስ ብሏል፤ ነገ ይሄዳል» አሉ። እስክሪብቶዬን ጥዬ በሩን በሩን አየሁ። እትዬ ጎሸም አደረጉኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ባልም አይገባም! ተነሺ!»

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩበት።

«ለምን ትሄዳለህ?»

«እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ...»

«እርስዎ ብለኸኝ ዋ! ስማኝ፣ የጮህኩት ሰው ስለሳቀብኝ ነው። ስትጠጋኝማ... ደስ ብሎኝ ነበር። እወድሃለሁ! አትሂድብኝ!»

ቆሞ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ያን ቀን አንቺን ሳይ ካርታው ጠፍቶኝ ነው። ምን እንዳልሽኝ የሰማሁት ግማሹን ነው።»

እጄን ይዞ እየጎተተ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«አልሄድም» አላቸው።

«ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ላገባ ነው።»

«እንኳን ደስ አለህ! ማንን?»

«እኔም ያንኑ ልጠይቅ ነበር!» አልኩ።

ወደኔ ዞረ።

«እሺ ካልሽኝ... አንቺን።»

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ይጠብቁኝ ጀመር።

«እሺ» አልኩ። ለኃላፊያችንም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«እሺ!»