ስሙ የተቆረጠ ኪኒን

በያጁ ቶሌሳ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ብየዳ ቤቱ ወለል ላይ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደም አስመልሶ ሞተ። በሠልስቱ ዕለት ታላቅ ወንድሙ ጂራታ ለቀስተኛው መሐል ተነሥቶ ጣቱን በሟቹ ሚስት ላይ ቀሰረ።

«መርዛው ነው የሞተው! ምሳውን የቋጠረችው እሷ ናት!»

ሀረገወይን እንባዋ ቀጥ አለ። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ወህኒ ሊያወርዷት!

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ነጅማ እዚያው ለቅሶ ቤት የሟቹን ምሳ ዕቃ ከፈተች። ሽሮው አልተነካም።

«የሞተው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሁዳዴን እስከ ስንት ይጾም ነበር?»

«እስከ ዘጠኝ» አለች ሀረገወይን።

«እንግዲህ ጋሽ ጂራታ፣ ያልበላው ምሳ እንዴት ገደለው?»

ነጅማ ከሟቹ ቱታ ኪስ ያገኘቻቸውን ሁለት ባዶ የኪኒን እሽጎች ዘረጋች። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ብርማ፤ ሁለቱም ስማቸው ያለበት ጫፍ በመቀስ ተቆርጧል።

«ቀዩን እኔ ገዛሁለት፤ ለጉልበቱ ሕመም» አለች ሀረገወይን። «ሰፈራችን መድኃኒት ቤት፣ ከሰላሁን።»

«ብርማውስ?»

ጂራታ አቀረቀረ። «የወገቤ ኪኒን ነው። ሲያቃስት አሳዘነኝና አካፈልኩት። እኔም የገዛሁት ከሰላሁን ነው። መልኩ ከቀዩ ሲለይ ሌላ መድኃኒት መሰለኝ።»

ነጅማ ሰላሁንን አስጠርታ ፊቷ አቆመችው።

«መልካቸው ይለያይ እንጂ አንድ ወገን ናቸው» አለች ለሁሉም። «እብጠትና ሕመም ያስታግሳሉ፤ ጨጓራን ግን ያቆስላሉ። ቶሌሳ ሁለቱን ደርቦ፣ በባዶ ሆድ ዋጠ። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ያገኙት የደማ የጨጓራ ቁስለት ነው እንጂ መርዝ አይደለም።»

«እኔ ቁስለት እንዳለበት በምን አውቃለሁ?» አለ ሰላሁን።

ነጅማ ከሟቹ ራስጌ ያነሣችውን የአምናውን የጨጓራ መድኃኒት ካርቶን አሳየችው። «ጠዋት፣ ከምግብ በፊት» ይላል። «የማን የእጅ ጽሕፈት ነው?»

ሰላሁን ላብ አጠመቀው። «የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት ሆዴን አቃጠለኝ ሲለኝም የጾም ነው አልኩት። ግን እኮ... ሁሉም መድኃኒት ቤት ቆራርጦ ነው የሚሸጠው!»

ሀረገወይን ብድግ አለች።

«ማወቂያችንን፣ ስሙን ቆርጠህ እየጣልክ ነዋ የሸጥክልን! በገዛ እጄ ነው ያስዋጥኩት፤ ሰማህ? በገዛ እጄ!» ወደ ጂራታ ዞረች። «አንተስ ጋሼ፣ ያ ጣትህ የት ገባ?»

ጂራታ ከኪሱ የቀረውን ብርማ እሽግ አውጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠ። አላነሣችውም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ነጅማ ሰላሁንን ይዛ ስትወጣ ከኋላቸው ቃሏን ልትሰጥ ወደ ጣቢያው ሄደች።