ዝም ያለበት መስከረም

ረሜይ በካላ ቬርዳ ወደብ፣ በዓሣ ጨረታው አዳራሽ፣ ሽሪምፕ እየመረጠች በረዶ ላይ የምትደረድር ወጣት ነበረች። አባቷ ባቲስተ የራሱ ጀልባ ያለው ዓሣ አስጋሪ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ እንግዳ ሰው ጠረጴዛዋ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ስድስት ሽሪምፕ ብቻ ስጪኝ።»

«እዚህ የሚሸጠው በሣጥን ነው። እሱም ለነጋዴ።»

«ብቻዬን ነኝ እኮ። ሣጥን ሙሉ ምን አደርገዋለሁ?»

«እሱማ ያንተ ጣጣ ነው። በጊዜ ማግባት ነበረብሃ!»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። የሰውየው ጆሮ ቲማቲም መሰለ፤ ግን ንቅንቅ አላለም።

«እሺ፣ ካገባሁ ሣጥኑን ትሸጪልኛለሽ?» አላት።

ረሜይ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አለቃዋ ዞር ሲል ስድስቱን በጋዜጣ ጠቅልላ በጠረጴዛው ሥር አቀበለችው።

ስሙ ኤኔኮ ይባላል፤ ከዚያው አገር ሰሜን፣ ባስክ ከሚባለው ክፍል የመጣ ነው። የሚሠራው ከወደቡ በሩቁ በሚታየው፣ ባሕር ላይ በቆመው የብረት ማማ ነበር። ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት የብስ ላይ። ከማማው በታች፣ ከባሕሩ ወለል ሥር፣ ድሮ ጋዙ ተመጥጦ ያለቀበት ዐለት አለ። ኩባንያው ያንን ባዶ ዐለት ጎተራ ሊያደርገው ነው፤ ጋዝ ሲረክስ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ብርድ ሲገባ ለቤት ማሞቂያ መልሶ ያወጣል። የኤኔኮ ሥራ የግፊቱን መሣሪያዎች መከታተል ነበር።

«ምድርን እንደ ፊኛ ልትነፏት ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ በወደቡ የድንጋይ ግድብ ላይ ጎን ለጎን ሲራመዱ።

«እኛም አገር ባሕር ውስጥ እንዲህ ያለ ጎተራ አለ። እናቴ ቡና የምታፈላው በእሱ ጋዝ ነው።»

«እናትህ ታዲያ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እኔን ብቻ ነው የምትረግመው፣ ለምን አትደውልም እያለች።»

ሳቀች። እጁ እጇን ነካ፣ እሷም አልሸሸችም። ቀኑ እስኪመሽ አንዳቸውም ስለ እጆቻቸው አላነሱም።

አባቷ ማማውን አይወድም ነበር። በዙሪያው ዓሣ ማስገር ተከልክሏልና። ኤኔኮ አንድ እሑድ ምሳ ሲመጣ ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ ገመገመው።

«ባሕሬን ያጠረብኝ ጎረምሳ ይኸ ነው?»

«እኔ አላጠርኩም ካፒቴን። እኔም አጥሩ ውስጥ የታሰርኩ ነኝ።»

ባቲስተ ፈገግታውን በናፕኪን ሸፈነ። ሩዙ ሲቀርብ ከድስቱ ታች የተጣበቀውን፣ ለማንም የማይሰጠውን የሩዝ ቅርፊት፣ ፍቆ እንግዳው ሳህን ላይ አደረገለት። ረሜይ ይህን አይታ እንባዋን ለመደበቅ ወደ ማድ ቤት ገባች።

በመስከረም ጋዙን መግፋት ተጀመረ። ጥቂት ሳይቆይ፣ አንድ ጠዋት፣ በረሜይ ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ተንኳኩ። ጎረቤት ሁሉ በፒጃማው ወደ መንገድ ወጣ። በማግሥቱም ተደገመ። ከተማው በአንድ አፍ «ከማማው ነው!» አለ። ኩባንያው «ምንም አልተረጋገጠም» አለ፤ ጋዝ መግፋቱን ግን ለጊዜው አቆመ።

ኤኔኮ ከባሕር ሲመለስ ረሜይ ወደቡ ላይ ጠበቀችው።

«እናንተ ናችሁ?»

«አላውቅም።»

«ኤኔኮ፣ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

አያት። «አላውቅም አልኩሽ። ምድር አንዳንዴ ትንቀጠቀጣለች።»

«እሺ። አባዬ ነገ ጀልባውን የብስ አውጥቶ ሥሩን ቀለም ሊቀባው ነው። እንጨት ተደግፎ ነው የሚቆመው። ይቅርበት?»

ኤኔኮ ዓይኑን ወደ ማማው አዞረ። መሣሪያዎቹ ትንንሽ መንቀጥቀጦችን መመዝገብ ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ እየበረቱ መምጣታቸውንም አይቷል። አለቃው ደግሞ «አንዲት ቃል ከወጣች እንጀራህ ተዘጋ፣ ፍርድ ቤትም ትቆማለህ» ብሎታል። ጋዝ መግፋቱም ቆሟልና፣ ከእንግዲህ መንቀጥቀጡ ይበርዳል ብሎ ራሱን አሳምኗል።

«ይቀባ» አለ። «ምን ይሆናል?»

መግፋቱ ቆመ እንጂ ምድር አልቆመችም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከቀደሙት ሁሉ የበረታው መጣ። ጀልባውን የደገፈው እንጨት ተንሸራተተ፤ ባቲስተ ከሥሩ ነበር፣ ብሩሹን እንደያዘ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ኤኔኮ ሆስፒታል ሲደርስ ረሜይ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ልታቅፈው ተንደረደረች። እሱ ግን ትከሻዋን ያዘና ገታት።

«ሳታቅፊኝ ስሚኝ። አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር።»

ረሜይ አልጮኸችም። እጆቹን ከትከሻዋ አንድ በአንድ አነሳቻቸው።

«አንዲት ቃል ነበር የጠየቅኩህ» አለች። «‹ይቅርበት› ብትለኝ ለምን ብዬ እንኳ አልጠይቅህም ነበር።»

ኤኔኮ በዚያው ሳምንት ከተማው በተሰበሰበበት አዳራሽ ተነሥቶ ያየውን አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። ከሥራ ተባረረ፤ በዚያ ሙያም ዳግመኛ የሚቀጥረው እንደማይኖር አወቀ። ኩባንያው ጉድጓዶቹን ዘጋ። የተገፋው ጋዝ እዚያው ዐለቱ ውስጥ ቀረ።

የሚገርመው፣ ይቅር ያለው ሽማግሌው ነው።

«ልጁ ፈራ» አለ፣ አልጋው ላይ ተደግፎ። «እኔም በማዕበል ፈርቼ፣ ሰው እየጠራኝ እንዳልሰማሁ ሆኜ አውቃለሁ። በኋላ ግን በሰው ፊት ቆሞ ተናገረ። ከእኔ ወገን ቂም የለም፤ ውሰጂው።»

«አልችልም አባዬ።»

«እግሩ የእኔ ነው እኮ!»

«እግሩ ያንተ ነው። ዓይኑን እያየሁ የጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ፤ የዋሸውም እኔን ነው።»

ሁለቱ እንደገና አብረው ለመሆን ሞከሩት ደግሞ። የብርዱን ወራት ሙሉ እየመጣ ባቲስተን ደግፎ ያራምደዋል፣ ገበያ ይሄድላቸዋል። ግን «ዛሬ ይዘንባል?» ብላ ስትጠይቀው እንኳ መልሱን ከሰማች በኋላ በመስኮት ትመለከታለች። ኤኔኮ ይህን ያያል። አንድ ቀን ይህን እንደሚያይባት እሷም ማወቋን ተረዳ፤ በሳምንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሰሜን ሄደ። አልከለከለችውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የኩባንያው ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ። እሱ ለምስክርነት መጣ፤ እሷ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች። ባቲስተ ከጠበቃው ጋር ሲነጋገር ሁለቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ጸጉሩ ሳስቷል። የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ጣሳ እንደሚጭን ነገራት።

«አሁንስ ሣጥን ሙሉ መግዛት ትችላለህ?» አለችው።

«አሁንም ብቻዬን ነኝ።»

ከንፈሯ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። 

«ረሜይ፣ አሁንም ትወጂኛለሽ?»

«እወድሃለሁ።»

የኤኔኮ ፊት በራ፤ ግን ቀሪ ቃል እንዳላት ስላወቀ ቀጥሎ የምትለውን ጠበቀ።

«ላምንህ ነው ያልቻልኩት» አለች። «መውደድና ማመን ተለያይተው ይኖራሉ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ስነሣ ዛሬ ይሻለኝ ይሆን እላለሁ። አይሻለኝም።»

እሱ አንዴ እጁን ወደ እሷ ዘረጋና መሐል ላይ አቆመው፤ ጉልበቱ ላይ መለሰው። ስሙ ተጠራ። ተነሥቶ ኮቱን አስተካከለ፣ አንዴ ዞር ብሎ አያት፣ በሩ ከኋላው ተዘጋ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቲስተ መኪናው ውስጥ ስለ ኤኔኮ ላለመጠየቅ ራሱን ገታ። የባሕሩ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን አልቻለም።

«ምን አለሽ ልጁ?»

ረሜይ መሪውን እንደያዘች መንገዱን አየች።

«ደህና ሁኚ አለኝ» አለች።

ደህና ሁኚ ግን አላላትም ነበር።