ክር ያልገባለት ባንጆ

እኔ መንፈስ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ «በቀትር አትውጣ» ስትለኝ ሆን ብዬ የምወጣ ደረቅ፣ ስለዚህ ይህን የማወራው ጨዋታ ላደምቅ እንዳይመስላችሁ።

ሸሕዲ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ክራርና ከበሮ እሠራለሁ። አምና ሚያዝያ ላይ ሐጂ ኑር የሚባሉ የሱዳን ሽማግሌ፣ ድሮ ሰሊጥ ሊገዙ መተማ ሲመላለሱ አማርኛ የለመዱ፣ አሁን ግን ከጦርነቱ ሸሽተው የመጡ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሱቄ ገቡ። ትንሽዬ አሮጌ ባንጆ ነው፣ ፊቱ እንደ ከበሮ ቆዳ የለበሰ፣ አንገቱ የጊታር፣ አራት ክር የሚይዝ፣ ዙሪያውን ቆዳ መወጠሪያ የብረት መንጠቆዎች ያሉት። ቆዳው ተቀዷል፣ ክሮቹ የሉም።

«የልጄ የዑስማን ነው። መንገድ ላይ ተጠፋፋን» አሉኝ። «ሲመጣ ተሠርቶ ይጠብቀው፣ ልጄ።»

አንጀቴን በሉት። የፍየል ቆዳ ነክሬ ክፈፉ ላይ ዘረጋሁና በክራር ልማዴ ገና እርጥብ ሳለ ጥርቅም አድርጌ ሳብኩት። ለካ ይሄ ቀስ እያለ በመንጠቆ ነው የሚጠብቀው፣ በዚህ ሙቀት እንዲያው ቢደርቅ መሰንጠቁ ነበር፣ ደንግጬ መንጠቆዎቹን አላላሁና እርጥብ ጆንያ አለበስኩት። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ክር የለውም፣ ቆዳው ደግሞ ርሶ ላልቷል፣ ቢመቱት እንኳ ድምፅ አይሰጥም።

ቀትር ላይ ገበያው ጭር ሲል አግዳሚው ላይ ጋደም አልኩ። መጀመሪያ መንጠቆዎቹ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ፣ ብረት ነው፣ ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ክር ተመታ። እመኑኝ፣ ዜማ ነው የሰማሁት፣ ደስ የሚል፣ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይቆምና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ጆንያውን ገለጥኩ፣ ቆዳው እንደረጠበ ነው፣ መዳፌን ሳሳርፍበት ግን እንደተያዘ ጫጩት ይንቀጠቀጣል።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመጡ ዜማውን አንጎራጎርኩላቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ይሄን ማን አስተማረህ? ዑስማን ራሱ ያወጣው ነው፣ መጨረሻውን ገና አላገኘለትም ነበር» አሉና እያለቀሱ ሳቁ። «ወላሂ፣ ልጄ በሕይወት አለ!»

እኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ባንጆውን ጨርሼ ክር ባስገባለትም «የተናገረው እዚህ ነው፣ እዚሁ ይቆይ» ብለው አልወሰዱትም። በየቀኑ ከሶላት መልስ መጥተው «ዛሬስ?» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት እሳቸው መስጊድ ሳሉ፣ የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ እንዳለ እንደገና ተመታ። ያው ዜማ ነው፣ አሁን ግን የሚቆምበት ቦታ ላይ አልቆመም፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ አለቀ፣ የልጁም ነገር አብሮ ያለቀ መሰለኝ።

ሐጂ መጡ። «ዛሬስ?» አሉኝ።

«ዛሬ ዝም ብሏል» አልኳቸው።